ሃሲናይ፣ ካዶሃዳቾ፣ ናኪቶሽ፦ የካዶ ሕዝብ ታሪክ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ወገኖቼ። የእረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን ዳላስና አካባቢዋን ቤታችን ካደረግን ቆየን። ልጆቻችን ቴክሳስ ተወልደው ቴክሳስ ይማራሉ። ይህን ስም በጠራን ቁጥር ካዶ የሚባለውን የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ቃል እንደምንጠራ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ስፔኖች ከ300 ዓመት በፊት ወደ ምሥራቅ ቴክሳስ ሲገቡ፣ ሃሲናይ የሚባሉት የካዶ ወገኖች ወዳጅና አጋራቸውን የሚጠሩበትን ቃል ሰሙ። ለሕዝቡም ለአገሩም ስም አደረጉት። ስሙ እዚሁ ቀረ። ባለቤቶቹ ግን በ1859 በወታደር ታጅበው ከቴክሳስ ወጡ። ዛሬ የማወራችሁ ስለነሱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ስለ ካዶ ማንበብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የስም ክምር ነው። ሃይናይ፣ ናቤዳቼ፣ ናኮዶቼ፣ ናሶኒ፣ አናዳርኮ፣ ኔቼ፣ ያታሲ፣ ናናትሶሆ፣ ዱስቲዮኒ... ወደ 25 ያህል ይደርሳል። ይህን ያየ ሰው፣ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ ያለቀ ሕዝብ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜም እንደዚያ ተደርጎ ይነገራል። እኔ በዚህ አልስማማም። የካዶ ክፍፍል የጠብ ውጤት አልነበረም። አገሩ ሰፊ ስለነበር ሰዉም ሰፋ ብሎ ኖረ፤ ያ ነው ነገሩ። ያደከማቸውም ከውጭ የመጣ ነው። እንዲያውም አንድ ስም፣ አንድ ምክር ቤት የያዙት ከሁሉም በላይ በተጎዱበት ዘመን ነው።

እስቲ ከአገሩ እንጀምር። ዛሬ ቴክሳስ፣ ሉዊዚያና፣ አርካንሳስና ኦክላሆማ የሚገናኙበትን ቦታ አስቡ። ሬድ ሪቨር ወደ ምሥራቅ ሲፈስ ቆይቶ አርካንሳስ ውስጥ ታጥፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከዚያ መታጠፊያ ዙሪያ እስከ ኔችስና አንጀሊና ወንዞች ያለው ጫካና ለም መሬት የካዶ አገር ነበር። ከ800 ዓ.ም ወዲህ ባሉት መቶ ዓመታት እዚያ የራሱ መልክ ያለው ሥልጣኔ አበበ። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ያርሳሉ። ከጨዋማ ምንጮች ውሃ እያፈሉ ጨው ያወጣሉ። ቦዳርክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ደጋን ይሠራሉ፤ ያ እንጨት እስከ ሩቅ አገር ይነገድ ነበር። ሸክላቸውማ ለብቻው ንግግር ይፈልጋል። በደንብ ይወለወላል፣ በሹል ነገርም ጠመዝማዛ መስመር ይቀረጽበታል። ዛሬ የሙዚየም መስታወት ውስጥ ሲያዩት በእጅ የተሠራ አይመስልም።

ትልልቅ የአፈር ጉብታዎችንም በቅርጫት አፈር እየተሸከሙ ሠርተዋል። አንዳንዱ ላይ ቤተ መቅደስ ይቆማል፣ አንዳንዱ የታላላቅ ሰዎች መቃብር ነው። ከዳላስ በመኪና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ አልቶ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሦስቱ አሁንም ቆመዋል። ኦክላሆማ ውስጥ ስፓይሮ ላይ ያሉት ደግሞ በጣም ዝነኛ ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን ውድ ዕቃ ፈላጊዎች ኩባንያ አቋቁመው ዋናውን ጉብታ ቆፈሩት። ያገኙትን ሸጡ፣ ያልፈለጉትን ሰባብረው ጣሉ፤ መጨረሻ ላይ በፈንጂ አናጉት። የሰው መቃብር ነው እኮ! ይህን ባነሳሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ክፍፍሉ ልመለስ። ፈረንሳዮችና ስፔኖች በ1600ዎቹ መጨረሻ ሲመጡ ካዶዎች በሦስት ትልልቅ ኅብረቶች ይኖሩ ነበር። ሃሲናይ በምሥራቅ ቴክሳስ፣ በኔችስና በአንጀሊና ወንዞች አካባቢ። ካዶሃዳቾ ከነሱ ወደ ሰሜን፣ በሬድ ሪቨር ትልቁ መታጠፊያ ላይ። ናኪቶሽ ደግሞ ወንዙን ወርዶ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ዛሬም በስማቸው በምትጠራው ከተማ አካባቢ። “ካዶ” የሚለው ስም ራሱ ካዶሃዳቾ ከሚለው ተቆርጦ የወጣ ነው። ለሁሉም የተሰጠው በኋላ ነው።

በየኅብረቱ ውስጥ ያሉት እንግዲህ እነዚያ ብዙ ስሞች ናቸው። ሃይናይ፣ ናቤዳቼ፣ ናኮዶቼና አናዳርኮ በሃሲናይ ሥር ይቆጠራሉ። ናሶኒ የሚባሉት ግን ሁለት ቦታ አሉ። አንዱ ወገን ከሃሲናይ ጋር ነው፣ ሌላው ወደ ላይ፣ ሬድ ሪቨር ዳር ከካዶሃዳቾ ጋር ነው። ናኪቶሾችም እንደዚሁ፣ ከወንዙ ታችም ላይም አሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ስም ያላቸው ሰዎች ሁለት ኅብረት ውስጥ በሰላም ይኖራሉ ማለት በመካከላቸው አጥር አልነበረም ማለት ነው። መንገዱ ክፍት ነው፣ ጋብቻውም እንደዚያው። በአጠገባቸው የሚኖሩ አዳይና አይስ የሚባሉም አሉ። እነሱን ከካዶ ይቁጠሯቸው አይቁጠሯቸው ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

መንደሩ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ድንቅ ነገር አለ። በ1691 ቴራን የሚባል የስፔን አዛዥ ሬድ ሪቨር ድረስ ዘለቀ፤ ከጉዞው የላይኞቹን ናሶኒዎች መንደር የሚያሳይ ካርታ ተረፈ። ዛሬ ሴቪል፣ ስፔን ይገኛል። ካርታውን የሚያይ ሰው ከተማ ፈልጎ ያጣል። የሚታየው በወንዙ ዳር የተዘረጋ ግቢ በግቢ ነው። በእያንዳንዱ ግቢ አንድ ወይም ሁለት የሣር ቤት፣ ጥላ የሚሆን ዳስ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ የቆመ ጎተራ አለ። ዙሪያውን እርሻው ነው፣ በመሃል ዛፍ ይለየዋል። ጎንደርና ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ይህን ካርታ ቢያይ የሰፈሩን አቀማመጥ የሚያይ ነው የሚመስለው። ጫፍ ላይ ጉብታው አለ፣ ጉብታው ላይ ቤተ መቅደሱ። ስፔኖች ግን መንደር ማለት ለነሱ በአደባባይ ዙሪያ የተሰበሰበ ቤት ነበር። ሰዉን አንድ ላይ ሰብስበው በሚስዮን ዙሪያ ሊያሰፍሩ ደጋግመው ሞከሩ። ካዶዎች አሻፈረኝ አሉ። ሰው ከእርሻው ርቆ እንዴት ይኖራል?

ቤት አሠራሩን ደግሞ ስሙኝ። የስፔን መነኮሳት በዓይናቸው ያዩትን ጽፈውታል። ቤት የሚሠራለት ሰው ለአለቃው ይነግራል፣ ቀን ይቆረጣል። ታማ የሚባሉ የአለቃው ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ “አንተ አንድ እንጨት፣ አንቺ አንድ ሸክም ሣር” እያሉ ይደለድላሉ። ደቦ ነው በቃ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይመጣል። እንጨቶቹ በክብ ይተከላሉ፣ አንድ ሰው መሃል ላይ በቆመ ምሰሶ ይወጣና ጫፋቸውን ጎንበስ እያደረገ ያስራል። ከዚያ ሣሩ ከታች ወደ ላይ ይከደናል። አርፍዶ የመጣ ካለ ታማው አለንጋ ይዞ ይቀበለዋል፤ ወንድ ሆነ ሴት አይቀርለትም። የተመታውም አይቀየምም። ሥራው ሲያልቅ የመሃሉ ምሰሶ ይቆረጥና ባለቤቱ የደገሰውን ያበላል።

እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ አለቃ ነበረው፣ ካዲ ይባላል። ካዲው ብቻውን አይወስንም፣ ሽማግሌዎቹን ያማክራል። ከካዲዎቹ ሁሉ በላይ ደግሞ በሃሲናይ ዘንድ ሺኔሲ የሚባል ትልቅ የሃይማኖት አባት ነበር። ሺኔሲ የሚጠብቀው እሳት አለ። አራት ትልልቅ ግንድ በአራቱ ማዕዘን ተዘርግቶ፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ይነዳል። በየቤቱ ያለው እሳት መነሻው ያ ነው። በአጠገቡ ባለ ትንሽ ቤት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ሁለት ሕፃናት እንዳሉ ይታመን ነበር። ሺኔሲ በነሱ በኩል ከፈጣሪ ጋር ይነጋገራል። እንግዲህ ከናኮዶቼ የመጣውም ከናቤዳቼ የመጣውም ቤቱ የሚነደው እሳት ከዚያ ከአንዱ ነው። ክፍፍል ብሎ የሚጽፈው ሰው ይህን አብሮ ካልጻፈው ግማሹን ትቶታል ባይ ነኝ።

ከአውሮጳውያን ጋር መጀመሪያ የተገናኙት በደም ነው። ዴ ሶቶ የሚባለው ስፔናዊ በ1542 ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሞተ። ተተኪው ሞስኮሶ ወደ ሜክሲኮ መውጫ ፍለጋ ጦሩን ይዞ በካዶ አገር አለፈ። በቆሎ ዘረፈ፣ ቤት አቃጠለ። መንገድ መሪዎቹ ሆን ብለው አሳሳቱት፣ እሱም ሰቀላቸው። መጨረሻ ላይ የሚበላ አጥቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከ140 ዓመት በላይ አውሮጳዊ የጻፈው ነገር የለም። በ1686 ፈረንሳዊው ላ ሳል ሃሲናይ ደረሰ። ስፔኖች ያንን ሲሰሙ ደነገጡና በ1690 ናቤዳቼ መንደር አጠገብ ሚስዮን ከፈቱ።

ሚስዮኑ ሦስት ዓመት ነው የቆየ። በመጀመሪያው ዓመት በሽታ ገባ። ካሳኛስ የሚባለው መነኩሴ በአካባቢው 3,000 ያህል ሰው እንደሞተ ጽፏል። ሰዉ ያየውን አየ፦ መነኮሳቱ ሊሞት የተቃረበውን ያጠምቃሉ፣ የተጠመቀውም ይሞታል። ውሃው ነው የገደለው አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ወታደሮቹ ደግሞ ሴቶችን ያስቸግሩ ነበር። በ1693 ውጡልን ተባሉ። መነኮሳቱ ደወሎቹን ቀብረው፣ ሚስዮኑን ራሳቸው አቃጥለው በሌሊት ሄዱ። ከዚያ ዘመን ቋንቋ ተምራ አስተርጓሚ የሆነች አንዲት የሃሲናይ ልጅ ስሟ በወንዝ ላይ ቀርቷል። አንጀሊና ወንዝ በእሷ የተሰየመ ነው።

ፈረንሳዮች በ1714 ናኪቶሽ ላይ ሰፈሩ። እነሱ ከማጥመቅ ይልቅ መነገድ ይወዱ ነበርና ከካዶዎች ጋር ተስማሙ። ጠመንጃ መጣ፣ ጨርቅ መጣ፣ ቆዳና ፈረስ ወጣ። ፈንጣጣና ኩፍኝም እየተመላለሰ መጣ። ክፍፍሉ መቀየር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ግማሹ ያለቀበት መንደር ብቻውን መቆም አይችልም። ካዲውም ሽማግሌውም ሞተዋል። የተረፉት ወደ ዘመዶቻቸው መንደር ይገባሉ። ስማቸው ለአንድ ትውልድ ያህል ይነሳል፣ ከዚያ ከመዝገብ ይጠፋል። መዝገብ የያዘው ፈረንጅ “ይህ ነገድ ጠፋ” ብሎ ይጽፋል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፣ ከዘመዶቻቸው ጋር አሉ። ከሰሜን ደግሞ ኦሴጅ የሚባሉ ሌላ ነባር ሕዝብ ጠመንጃ ይዘው ይወጓቸው ነበር። ካዶሃዳቾ በ1700ዎቹ መጨረሻ ጥንት የኖሩበትን መታጠፊያ ለቀው ወደ ታች፣ ዛሬ ካዶ ሌክ ወደምንለው ሐይቅ አካባቢ ወረዱ።

በዚህ ጊዜ የተነሳ አንድ ሰው አለ፣ ዴሃሁት። የካዶሃዳቾ ካዲ ነው። ልጆቻችን ስሙን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። በ1803 አሜሪካ ሉዊዚያናን ገዛች። ቴክሳስ የስፔን ናት። ድንበሩ የት እንደሆነ የሚስማማ የለም፣ ዴሃሁት መሃል ላይ ነው። ሁለቱም ይፈልጉታል። ለሁለቱም ሳይሸጥ፣ ስጦታውን እየተቀበለ፣ ለሕዝቡ ሠላሳ ዓመት ያህል ጊዜ ገዛለት። በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ወገኖችም በሱ ቃል ይሄዱ ነበር። በ1833 ሞተ።

በዚያው ዓመት ሽሪቭ የሚባል የመርከብ ካፒቴን ሬድ ሪቨርን መጥረግ ጀመረ። ወንዙን ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የዘጋ የግንድ ክምር ነበር። ያ ክምር ለካዶዎች አጥራቸው ነው፤ የእንፋሎት መርከብ አያሳልፍም። እሱ ሲከፈት ጥጥ የሚተክሉ ሰዎች ባሪያዎቻቸውን ይዘው ጎረፉ። በሐምሌ 1835 ካዶዎች ፈረሙ። አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት በ80,000 ዶላር። ለአንድ ኤከር ስምንት ሳንቲም ማለት ነው። 30,000ው በዕቃና በፈረስ፣ ቀሪው በዓመት አሥር አሥር ሺህ። በአንድ ዓመት ውስጥ በራሳቸው ወጪ ከአሜሪካ ግዛት ሊወጡ ነው። ያስፈረማቸው ወኪል ብሩክስ ደግሞ ለአንድ የቆየ አስተርጓሚ ልጆች ተብሎ በውሉ የገባውን መሬት ቆየት ብሎ ራሱ ገዛው። ካዶዎች ተታለልን ብለው ለኮንግረስ አቤት አሉ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1850 ለብሩክስ ተፈረደለት።

ወዴት ይሂዱ? ወደ ሃሲናይ ዘመዶቻቸው፣ ወደ ቴክሳስ። ያኔ ቴክሳስ የሜክሲኮ ነበረች። ዓመት ሳይሞላ ነፃነት አወጀች፣ ጦርነት ሆነ። አዲሱ መንግሥትም ሕንዶች የሚላቸውን ነባር ሕዝቦች ማባረር ያዘ። ካዶሃዳቾ፣ ሃይናይና አናዳርኮ ተያይዘው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ብራዞስ ወንዝ ሸሹ። እዚያ የመራቸው ሆሴ ማሪያ የሚባለው የአናዳርኮ አለቃ ነው። የአናዳርኮ ሰው የሃይናይንም የካዶንም ጉዳይ ይዞ ለድርድር ይቀመጥ ነበር። ሦስቱ ኅብረቶች አንድ ወደ መሆን የሄዱት እንዲህ በስደት መንገድ ላይ ነው።

በ1854 ብራዞስ ላይ የተወሰነ መሬት ተሰጣቸው። አረሱ፣ ቤት ሠሩ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። በ1858 የጸደይ ወራት ከመቶ በላይ የሚሆኑ የዚያ ሠፈር ወንዶች ከቴክሳስ ሬንጀሮች ጋር ኮማንቼ የሚባለውን ሌላ ነገድ ለመውጋት ዘመቱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነጭ ሠፋሪዎች ለአደን በወጡ የካዶና የአናዳርኮ ቤተሰቦች ላይ በተኙበት ተኩሰው ሰባት ሰው ገደሉ። ሴቶችም ነበሩበት። ለዚህ ግድያ የተቀጣ ሰው የለም።

በ1859 ክረምት ኔበርስ የሚባለው የመንግሥት ወኪል ሊጠብቃቸው እንደማይችል ገባውና ይዟቸው ወጣ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው፣ በነሐሴ ሙቀት፣ ሰብሉን ማሳ ላይ ትቶ። ሬድ ሪቨርን ሲሻገሩ ለሚስቱ ደብዳቤ ጻፈ። ከቴክሳስ እንዴት እንደወጣን ማወቅ ከፈለግሽ እስራኤላውያን ቀይ ባሕርን የተሻገሩበትን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንብቢ አላት። እሱ ግን ቤቱ አልደረሰም። ሲመለስ ፎርት ቤልክናፕ ላይ የካዶዎች ወዳጅነቱን የጠላ አንድ ሰው በጠመንጃ ከጀርባው መትቶ ገደለው።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። ኦክላሆማ፣ ዋሺታ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጣና ብዙዎቹ ወደ ካንሳስ ተሰደው ከጦርነቱ በኋላ ተመለሱ። በ1874 የተረፉት ወገኖች አንድ ነገድ ሆነን እንጠራ ብለው ተስማሙ። ሃሲናዩም ናኪቶሹም በይፋ ካዶ የሆነው ያኔ ነው። በ1901 ደግሞ መንግሥት የጋራ መሬታቸውን ለየሰው 160 ኤከር አድርጎ ከፋፈለውና የተረፈውን ለነጭ ሠፋሪዎች በዕጣ ሰጠው። ሲበታተኑ ተዘረፉ፣ ሲሰበሰቡም ተዘረፉ። በ1938 የራሳቸውን ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ዛሬ የካዶ ኔሽን መቀመጫ ቢንገር፣ ኦክላሆማ ነው፤ ከ6,000 በላይ አባላት አሉት።

ታዲያ እነዚያ የድሮ ስሞች የት ገቡ? አንዳንዱ ከተማ ሆኗል፦ ናኮዶቼስ፣ ናኪቶሽ፣ አናዳርኮ። ቤተሰቦችም ዘራችን ከሃሲናይ ነው፣ ከካዶሃዳቾ ነው እያሉ ያስታውሳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ዘፈኑ ውስጥ አሉ። ተርኪ ዳንስ የሚሉት የሴቶች ጭፈራ አለ። ወንዶቹ ከበሮውን ከበው ይዘፍናሉ። ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ ዱሽቶ የሚባለውን፣ ረጅም ጥብጣብ እስከ እግር የሚወርድበትን ጌጥ አስረው ይገባሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። ዘፈኖቹ የድሮ ጦርነትና ድል ያነሳሉ፣ ግጥሙም ከተለያዩ ወገኖች አነጋገር የመጣ ነው። ቋንቋው ራሱ ክፉኛ ተጎድቷል። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አቀላጥፈው የሚናገሩት ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ነበሩ። ወጣቶቹ አሁን በቅጂና በመዝገበ ቃላት እየታገሉ ነው። ልጁን አማርኛ ለማስተማር የሚታገል ወላጅ ይህን ለማስረዳት እኔን አይፈልግም።

ሸክላውም ተመልሷል። ጄሪ ሬድኮርን የምትባል የካዶ ሴት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቅድመ አያቶቿን ሸክላ ሙዚየም ውስጥ አይታ፣ የሚያስተምራት ሰው ሳይኖር፣ አሠራሩን እየሞከረች አገኘችው። ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠመዘዘች ትገነባለች፣ ትወለውላለች፣ ትቀርጻለች። አንዱ ሥራዋ በኦባማ ጊዜ ኋይት ሃውስ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከእሷ የተማሩ ሌሎችም አሉ።

ሄዳችሁ ለማየት ለምትፈልጉ፣ አልቶ አጠገብ ያለው ካዶ ማውንድስ በሀይዌይ 21 ላይ ነው። በሚያዝያ 2019 የካዶ የባህል ቀን እየተከበረ ሳለ ቶርኔዶ መጥቶ ሙዚየሙንና የሣር ቤቱን አፈረሰው። አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። የሣር ቤቱ በኋላ እንደገና ተሠርቷል፣ ሙዚየሙም እንደዚያው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጉብታዎቹ ላይ ግን እንዳይወጡ ንገሯቸው፣ አንዱ መቃብር ነው። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።